ሥራ ፈላጊውና ሠራተኛ አቅራቢው ድርጅት

በአዲስ አበባ ወይም በሌላ ትልቅ ከተማ ሥራ ፍለጋ የሚዞር ወጣት ወደ አንድ ባንክ፥ ወደ አንድ ፋብሪካ ወይም ወደ አንድ ሆቴል በር ቀርቦ፥ በበሩ የቆመውን ዘበኛ፥ ደረጃውን የምታጸዳውን ሴት፥ ደብዳቤ የሚያመላልሰውን ተላላኪ «ቀጣሪያችሁ ማነው?» ብሎ ቢጠይቅ፥ ብዙውን ጊዜ የሚሰማው መልስ በሕንፃው ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ስም አይደለም። የሚነገረው በሌላ ሰፈር አንዲት ጠባብ ቢሮ የተከራየ ሠራተኛ አቅራቢ ድርጅት፥ በተለምዶ «ኤጀንሲ» የሚባለው ነው። ሥራው በአንዱ ቤት፥ ደመወዙ ከሌላው ቤት ሆኗል። ቀድሞ በአሠሪና በሠራተኛ መካከል ብቻ ይታሰር የነበረው የሥራ ውል ሦስተኛ ሰው ገብቶበታል፤ ይህም ሦስተኛ ሰው ለሥራ ፈላጊው በር ከፋች ነው ወይስ በር ዘጊ የሚለው ጥያቄ፥ ለአስተዳዳሪውም ለነጋዴውም ሊታሰብበት የሚገባ ጕዳይ ሆኗል።

ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፥ «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተሰጡ መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ነገሩ በመልኩ አዲስ ይምሰል እንጂ በሥሩ አሮጌ ነው። የባሕር በር ባለበት አገር ሁሉ ሰው ያውቀዋል። መርከብ በደረሰ ቀን እጅ በብዛት ይፈለጋል፤ መርከቡ መልሕቁን ሲነቅል ሥራውም አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ የወደብ ነጋዴ ሁልጊዜ የሚሻው፥ በፈለገበት ጧት የሚመጣለትንና ባልፈለገበት ቀን የማይከፍለውን ሠራተኛ ነው። ያንን ሠራተኛ ሰብስቦ የሚያመጣለት ደግሞ ካቦው ነበር። ካቦው ማን ዛሬ እንደሚገባና ማን እንደሚመለስ በበሩ ቆሞ ይመርጣል፤ ከመረጠውም ሰው የቀን ሒሳብ ላይ ድርሻውን ያነሣል። በሞምባሳ ወደብ በ1939 እና በ1947 የተነሡት ታላላቅ አድማዎች ይህ አኗኗር ምን ያህል እንደ ከፋ ለጊዜው አስተዳደር ያሳዩ ናቸው። እንግሊዞችም በገዛ አገራቸው በ1947 የወደብ ሠራተኞችን በመዝገብ አስገብተው፥ ሠራተኛው ለሥራ ቀርቦ ሥራ ቢያጣ እንኳ ጥቂት ክፍያ እንዲያገኝ ሕግ አወጡ፤ ይህ ሥርዓት እስከ 1989 ድረስ ቈይቶ ተሻረ። ኢጣልያኖች በእርሻቸው ላይ የቀን ሠራተኛ የሚያመጣውን ሰው «ካፖራሌ» ይሉታል፤ በ2016 እንኳ ይህንኑ ሰውና አብሮት የሚሠራውን ባለእርሻ የሚቀጣ ሕግ ማውጣት ግድ ሆኖባቸዋል። ይህን ማስታወስ የሚያስፈልገው፥ ዛሬ ኮምፒውተርና ማኅተም ይዞ የሚቀመጠው ሠራተኛ አቅራቢ ከካቦው የሚለየው በምን እንደ ሆነ መጠየቅ ስለሚገባ ነው።

መልካሙ ልዩነት የተጀመረው በአሜሪካ ነው። በ1946 በዲትሮይት ከተማ ዊልያም ራስል ኬሊ የተባለ ሰው ለቢሮዎች ጸሐፊዎችን በጊዜያዊነት የሚልክ ድርጅት አቋቋመ። በ1948 ደግሞ በሚልዎኪ ከተማ ኤልመር ዊንተርና አሮን ሻይንፌልድ የተባሉ ሁለት ጠበቆች፥ ለፍርድ ቤት በቶሎ መቅረብ ያለበት ጽሑፍ ሳለባቸው ጸሐፊያቸው በመታመሟ ተቸገሩ፤ ከዚያ ችግር በኋላ ሌላውም ነጋዴ እንደዚሁ ይቸገራል ብለው ማንፓወር የተባለውን ኩባንያ ከፈቱ። በ1957 በሎዛን፥ በ1960 በአምስተርዳም ተመሳሳይ ድርጅቶች ተከተሉ። የነዚህ ድርጅቶች ሐሳብ ግልጽ ነበር፤ ጸሐፊዋ ታመመች፥ ለሁለት ሳምንት ሌላ ትተካ፤ የዓመቱ ሒሳብ ሊዘጋ ነው፥ ለአንድ ወር ሁለት የሒሳብ ሰዎች ይጨመሩ። ለሥራ ፈላጊውም ቢሆን ጥቅም ነበረው። አንድ ወጣት ብቻውን ሃያ ቢሮ ከሚያንኳኳ አንድ ቢሮ ተመዝግቦ ሃያ ቦታ ይታያል፤ ልምድ የሌለው ልምድ ያገኛል፤ ችሎታውን በዐይኑ ያየው ድርጅትም በቋሚነት ሊያስቀረው ይችላል።

ይሁን እንጂ መንግሥታት በዚህ ንግድ ላይ የነበራቸው ጥርጣሬ ከንግዱ ይቀድማል። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1933 ባወጣው ስምምነት ቍጥር 34፥ ከሠራተኛ ገንዘብ እየተቀበሉ ሥራ የሚያገናኙ ቤቶች እንዲዘጉ አስቦ ነበር። በ1949 በስምምነት ቍጥር 96 ሐሳቡን አለዝቦ፥ መንግሥታት ወይ ቀስ በቀስ እንዲዘጓቸው ወይም በጥብቅ እንዲቈጣጠሯቸው ምርጫ ሰጣቸው። በ1965 የስዊድን መንግሥት አንድ ረቂቅ ጥያቄ አቀረበ፤ ይኸውም የጽሕፈት መኪና ጸሐፊዎችን ራሱ ቀጥሮ ወደ ሌላ ቢሮ የሚልክ ድርጅት በዚህ ስምምነት ይያዛል ወይ የሚል ነበር። ከጄኔቭ የመጣው መልስ «አዎን፥ ይያዛል» የሚል ሆነ። ድርጅቶቹ ግን «እኛ አሠሪዎች ነን እንጂ አገናኞች አይደለንም» እያሉ መሟገታቸውን አልተዉም፤ ክርክሩም ሠላሳ ዓመት ያህል ቈየ።

የኢጣልያ ታሪክ የዚህን ክርክር መነሻና መድረሻ ከማንኛውም አገር ይልቅ ጐልቶ ያሳያል። በ1949 የወጣው ሕጓ ሥራና ሠራተኛን ማገናኘትን የመንግሥት ብቻ አደረገው። በ1960 የወጣው ሕግ ቍጥር 1369 ደግሞ በሰው ጕልበት አማካይነትን ጨርሶ ከለከለ፤ ማንም ነጋዴ በሌላ ሰው ስም የተቀጠረ ሠራተኛ ቢያሠራ ሠራተኛው የራሱ የነጋዴው ሠራተኛ ሆኖ እንዲቈጠር አዘዘ። ግን በመንግሥት መዝገብ ተራ የሚጠብቀው ሥራ አጥ እየበዛ፥ ነጋዴውም መዝገቡን እየሸሸ በስውር መቅጠር ጀመረ። በ1997 ሕግ ቍጥር 196 ወጥቶ ጊዜያዊ ሠራተኛ ማቅረብ በፈቃድና በገደብ ተፈቀደ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ የአውሮፓ ማኅበር ፍርድ ቤት፥ ከሚላኖ በቀረበለት ጕዳይ ላይ፥ የኢጣልያ መንግሥት ሥራ የማገናኘቱን ሥልጣን ለብቻው ይዞ ሥራውን በሚገባ ሊያካሂድ ካልቻለ፥ ሌላውን መከልከሉ ተገቢ እንዳልሆነ ፈረደ። ቢሮው ሥራውን ሳይሠራ ሌላውን በመከልከል ብቻ መኖር እንደማይችል ከዚህ ፍርድ የሚማር መሥሪያ ቤት በሌላም አገር አይጠፋም።

በዚሁ በ1997 ዓመት የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቍጥር 181ን አወጣ። ይህ ስምምነት የግል ሥራ አገናኞችን ሕጋዊነት ተቀብሎ በምትኩ ሁለት ታላላቅ ነገሮችን ጠየቀ። አንደኛው፥ በሕግ ተለይቶ ከተፈቀደ ጥቂት ጕዳይ በቀር፥ ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ፥ በሙሉም ሆነ በከፊል፥ ምንም ዐይነት ክፍያ እንዳይወሰድ ነው። ሁለተኛው፥ ስለ ደመወዝ፥ ስለ ሥራ ሰዓት፥ ስለ ጕዳት ካሣ፥ ስለ ማኅበራዊ ዋስትና ኀላፊው አቅራቢው ነው ወይስ ተጠቃሚው ድርጅት የሚለውን እያንዳንዱ መንግሥት በሕግ ለይቶ እንዲያስቀምጥ ነው። ኢትዮጵያ ይህንን ስምምነት በ1999 በማጽደቅ ከቀደሙት አገሮች አንዷ ሆናለች።

የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላል ነው፤ ሁለተኛው ግን ቀላል አይደለም፤ የነገሩ ሁሉ ቍልፍም በዚያ ውስጥ ነው። ይህን ከአፍሪካ አገሮች ይልቅ በመራራ መንገድ የተማረ የለም።

በዛሬይቱ ናሚቢያ፥ በቀድሞዋ ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ፥ በቅኝ አገዛዙ ዘመን ከሰሜን የሚመጣው ሠራተኛ ሁሉ የሚቀጠረው ስዋንላ በሚባል አንድ ሠራተኛ መልማይ ማኅበር በኩል ነበር። ሠራተኛው ጌታውን አይመርጥም፤ ማኅበሩ ወደ ማዕድን ወይም ወደ እርሻ ወይም ወደ ዓሣ ፋብሪካ ይመድበዋል፤ ውሉ ሳያልቅ ጌታውን ትቶ መሄድ አይችልም፤ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ መሄድም አይፈቀድለትም። በታኅሣሥ ወር 1971 ከ10,000 የሚበልጡ ሠራተኞች ሥራ አቁመው ወደ አገራቸው በመመለሳቸው ማኅበሩ በሚቀጥለው ዓመት ፈረሰ። ነጻይቱ ናሚቢያ በ2007 ባወጣችው የሠራተኛ ሕግ ሠራተኛ ማቅረብን ጨርሳ ስትከለክል፥ ያንን ዘመን እያስታወሰች መሆኗን ማንም አይስተውም። አንድ አቅራቢ ኩባንያ ግን ተሟገተ፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በታኅሣሥ ወር 2009 ክልከላው ሕገ መንግሥቱ የሰጠውን የንግድ ነጻነት ይጥሳል ብሎ ሻረው። መንግሥቱ በዚህ አልተናደደም፤ ወይም ቢናደድም በጥበብ ሠራ። በ2012 ሕጉን አሻሽሎ፥ አቅራቢው ይነግድ፥ ነገር ግን ሰውየውን በሥራው ላይ የሚያዘው ድርጅት እንደ አሠሪ ይቈጠር፥ የመጣውም ሠራተኛ ከቋሚው ባልደረባ ባነሰ ሁኔታ እንዳይሠራ ይሁን ብሎ ደነገገ።

ደቡብ አፍሪካም ተመሳሳይ መንገድ ሄደች። በ2015 መጀመሪያ በሥራ ላይ የዋለው የሕግ ማሻሻያ፥ ደመወዙ ከተወሰነ ልክ በታች የሆነ ሠራተኛ በአቅራቢ በኩል መጥቶ ከሦስት ወር በላይ ከሠራ፥ የተጠቃሚው ድርጅት ሠራተኛ እንደ ሆነ እንዲቈጠር አዘዘ። አቅራቢዎቹ «እኛም አሠሪ እንደሆንን እንቀጥላለን፥ አሠሪው ሁለት ነው» ብለው ተከራከሩ። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በሐምሌ 2018 የሰጠው ውሳኔ ግን ከሦስት ወር በኋላ ለዚህ ሕግ ዓላማ አሠሪው አንድ ብቻ፥ እርሱም የሚያሠራው ድርጅት ነው የሚል ሆነ። ሦስት ወር የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ የታመመ ሰው ለመተካት፥ የበዛ ሥራ ለማቃለል ሦስት ወር ይበቃል። ከዚያ በላይ የሚቈይ ሥራ ጊዜያዊ አይደለም፤ ጊዜያዊ የሚያሰኘው የሠራተኛው ስም ብቻ ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ሁኔታ ስንመለስ፥ በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 632 ሁለት ዐይነት ድርጅት መኖሩን ለይቶ ነበር። አንዱ በውሉ ሳይገባ ሥራና ሠራተኛን የሚያገናኝ ነው፤ ሁለተኛው ሠራተኛውን ራሱ ቀጥሮ ለሌላ የሚያቀርብ ነው። ወደ ውጭ አገር የሚደረገው ስምሪት በ2008 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 923 ተለይቶ ተደንግጓል፤ እርሱ ራሱን የቻለ ሰፊ ጕዳይ ስለ ሆነ እዚህ አይነካም። ብዙ ሥራ ፈላጊዎች ግን ከላይ የተባሉትን ሁለቱን ያምታታሉ። የመጀመሪያው ደጅ ካገናኘ በኋላ ሥራው አበቃ፤ ሁለተኛው ግን ሠራተኛው በሥራ ላይ እስካለ ድረስ በየወሩ ከተጠቃሚው ገንዘብ ይቀበላል። ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥቅሙ ሰውየው ቶሎ እንዲቀጠር ነው፤ ለሁለተኛው ግን ጥቅሙ ሰውየው በሌላ በኩል እንዳይቀጠር ሊሆን ይችላል። ሥራ ፈላጊ ወደ የትኛው ደጅ እንደ ገባ ሳያውቅ ፊርማውን ማኖር የለበትም።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጕዳይ አዋጅ ቍጥር 1156 መሠረቱን እንዲህ አኑሮታል። የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደ ተደረገ ይቈጠራል፤ ለተወሰነ ጊዜ ወይም ለተወሰነ ሥራ ሊደረግ የሚችለው አዋጁ በዘረዘራቸው ምክንያቶች ብቻ ነው። ከነዚህም መካከል በሕመም ወይም በፈቃድ የቀረን ሠራተኛ መተካት፥ ከመጠን በላይ የበዛን ሥራ ማቃለል፥ በወቅት የሚመጣን ሥራ መሥራት ይገኛሉ። በድንገት በተለቀቀ ቦታ ላይ ሰው ለጊዜው ለመመደብ እንኳ ከ45 ቀን እንዳይበልጥና ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይደገም ተወስኗል። የሰኔ 30 ሒሳብ መዝጊያ፥ የቡና ለቀማ ወራት፥ የዕቃ ቈጠራ ጊዜ በዚህ ዝርዝር ውስጥ በደኅና ይገባሉ። የባንክ በር ግን ዓመቱን ሙሉ ሌሊትና ቀን ይጠበቃል፤ የሆቴል ክፍል በየጧቱ ይጠረጋል። እንዲህ ያለው ሥራ በምን ምክንያት ለጊዜያዊ ሠራተኛ እንደሚሰጥ ማስረዳት ለተጠቃሚው ድርጅት ቀላል አይሆንለትም።

የገንዘቡን ነገር ነጋዴ ስለሚረዳው በቍጥር ማየቱ ይሻላል። ለምሳሌ ያህል አንድ ድርጅት ለአንድ ዘበኛ በወር 10,000 ብር ለአቅራቢው ይከፍላል፥ ዘበኛው ግን 6,000 ብር ይቀበላል እንበል። ሥራ ፈላጊውም የተቀረውን 4,000 ብር በሙሉ እንደ ተሰረቀ አድርጎ ይቈጥረዋል፤ ይህ ትክክል አይደለም። አሠሪው ለጡረታ የሚያዋጣው ከደመወዙ 11 በመቶ ነው፤ ይህም 660 ብር ይሆናል። ሠራተኛው በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ አለው፤ በዚያ ጊዜ የሚተካውን ሰው ለመክፈል በወር ሲካፈል ከ300 ብር ጥቂት ይበልጣል። የቀረው 3,000 ብር ያህል ስለ ደንብ ልብስ፥ ስለ ተቈጣጣሪ፥ ስለ ግብርና ስለ ትርፍ ነው። ይህ ሒሳብ ቀና የሚሆነው ግን ጡረታው በእውነት ከገባ፥ ፈቃዱም በእውነት ከተሰጠ ብቻ ነው። ጡረታ ካልገባ፥ ፈቃድ ካልተሰጠ፥ ከራሱ ከሠራተኛው ደመወዝ የሚቈረጠው 7 በመቶም በመንገድ ከቀረ፥ አቅራቢው የሚሸጠው የአስተዳደር አገልግሎት ሳይሆን የሌላ ሰው እርጅና ነው። ለዚህም ነው የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን በኤጀንሲዎች ላይ ቅሬታውን ደጋግሞ ያሰማው።

ሥራ ፈላጊው ታዲያ ምን ያድርግ? «ወደ ኤጀንሲ አትሂድ» ማለት ለጠገበ ሰው የሚቀል ምክር ነው። ሥራ ያጣ ሰው የተከፈተለትን በር አያማርጥም፤ በብዙ ሥራ ላይም ሌላ በር የለም። የሚሻለው አገባቡን ማወቅ ነው። የመመዝገቢያ ገንዘብ አምጣ ሲባል ያ ቤት ትርፉን የሚያገኘው ሰው ከማስቀጠር ሳይሆን ሰው ከመመዝገብ እንደ ሆነ ይረዳ፤ ሺህ ሰው ተመዝግቦ አንድም ሰው ባይቀጠር ያ ቤት አይከስርም። የትምህርት ማስረጃውን ዋና ወረቀት ትቶ አይውጣ፤ ቅጂው ይበቃል፤ ዋናው ወረቀቱ በሰው ሣጥን ውስጥ ያለበት ሰው ሌላ ሥራ ቢያገኝ እንኳ መሄድ አይችልምና። በውሉ ላይ አሠሪው ማን ተብሎ እንደ ተጻፈ፥ ተጠቃሚው ድርጅት «አልፈልግም» ብሎ ቢመልሰው ለተቀመጠበት ጊዜ የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ፥ በሥራ ላይ ቢጐዳ የሚያሳክመው የትኛው እንደ ሆነ ያንብብ። ማንበብ ያልለመደ የሚያነብለት ይዞ ይሂድ።

ከሁሉ የሚበልጥ አንድ አንቀጽ አለ፤ ብዙ ሰው ሳያስተውለው ያልፈዋል። አንዳንድ ውል ሠራተኛው በተላከበት ድርጅት ዘንድ በቋሚነት እንዳይቀጠር ይከለክላል። የአውሮፓ ኅብረት በ2008 ባወጣው መመሪያ እንዲህ ያለው አንቀጽ ፈራሽ እንዲሆን አዟል። ምክንያቱም ጊዜያዊ ሥራ ለሥራ ፈላጊ ያለው ትልቁ ጥቅም ወደ ቋሚው መሻገሪያ መሆኑ ነው፤ መሻገሪያው ከተነሣ የቀረው ዝቅተኛ ደመወዝ ብቻ ነው። ፈረንሳዮች ደግሞ በሌላ መንገድ ሄደዋል፤ ጊዜያዊ ሥራው ሲያበቃ ቋሚ ቦታ ላላገኘ ሠራተኛ ካገኘው ጠቅላላ ደመወዝ 10 በመቶ እንዲጨመርለት ያደርጋሉ፤ የሥጋቱ ዋጋ መሆኑ ነው።

የሥራ ልምድ ደብዳቤም እንዲሁ ችላ የሚባል ነገር አይደለም። በአዋጅ ቍጥር 1156 መሠረት ሠራተኛው ሥራ ሲለቅ ወይም በጠየቀ ጊዜ ሁሉ አሠሪው የሥራውን ዐይነት፥ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ መስጠት አለበት። አምስት ዓመት በአንድ ትልቅ ድርጅት መጋዘን የሠራ ሰው የሚሰጠው ደብዳቤ የአቅራቢውን ስም ብቻ ከያዘ፥ ለሚቀጥለው ቀጣሪ የሚነግረው ነገር ጥቂት ነው። የትኛው ድርጅት ዘንድ ምን ሥራ እንደ ሠራ በደብዳቤው እንዲገለጽ አስቀድሞ በውሉ ማስጻፍ የሚከብድ ነገር አይደለም። አቅራቢዎች በየጨረታው በሚለዋወጡበት ቦታማ ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ሰውየው በዚያው በር ቆሞ ሳለ ቀጣሪው ሲለወጥ የአገልግሎት ዘመኑ እንደ ገና ከአንድ ሊጀመር ይችላልና፤ በአገልግሎት ዘመን የሚጨመረው የዓመት ፈቃድም እንዲሁ።

ነጋዴውስ? በአቅራቢ በኩል ሰው ማሠራት ከቅጥርና ከስንብት ጣጣ ያድነዋል፤ ይህ እውነት ነው። ዳሩ ግን መጋዘኑን የሚጠብቅለት ሰው የማንም ሰው ሳይሆን ቀርቶ፥ ስሙን እንኳ የማያውቀው፥ ከሚከፈለውም ገንዘብ ስንቱ እንደሚደርሰው የማይጠይቅለት ሰው ይሆናል። ቍልፉን ለእንደዚህ ያለ ሰው አስረክቦ በሰላም የሚተኛ ነጋዴ ሒሳቡን ጠንቅቆ የሠራ አይመስልም።

ትልቁ ጥያቄ ግን ወደ አስተዳዳሪዎቹ ይመለሳል፤ ከአቅራቢዎች ዋና ደንበኞች መካከል የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ራሳቸው ይገኛሉና። ጨረታ ይወጣል፤ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል። በጽዳትና በጥበቃ ሥራ ላይ ከዋጋው አብዛኛው ደመወዝ ስለ ሆነ፥ ዋጋውን የሚያወርደው ሰው የሚያወርደው ደመወዙን ነው። የደመወዝ ወለል በተቈረጠበት አገር ጨረታው በዚያ ወለል ላይ ይቆማል። አዋጅ ቍጥር 1156 ራሱ የወለሉን ልክ አልቈረጠም፤ ጥናት እያደረገ ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚያሻሽል የደመወዝ ቦርድ ሥልጣንና ተግባር በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲወሰን ነው ያዘዘው። የጨረታ ሰነድ ግን የሚያዘጋጀው እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ነው። ተጫራቹ ለሠራተኛው የሚከፍለውን ደመወዝ፥ የጡረታውን መዋጮና የራሱን የአገልግሎት ዋጋ በሦስት የተለያየ መስመር እንዲጽፍ፥ ውድድሩም በሦስተኛው መስመር ላይ ብቻ እንዲሆን ማድረግ አዲስ አዋጅ አይጠይቅም። በየወሩም ክፍያው ከመፈቀዱ በፊት ሠራተኞቹ የፈረሙበት የደመወዝ መዝገብና የጡረታው ደረሰኝ አብሮ እንዲቀርብ ማዘዝ ለገንዘብ ክፍሉ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።